«በራስ መተማመን ይጎድላታል» ብዬ ፈርሜአለሁ

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠን ነበር። አራቱ ወንዶች ናቸው፤ አምስተኛዋ እኔ ነኝ። በፊታችን ሦስት የግል ማኅደሮች ተዘርግተዋል። ክፍት የሆነው የሥራ መደብ የሂሳብ ክፍል ኃላፊነት ነው። ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች አንዷ ሴት ናት። በትምህርት ከሁለቱ አታንስም፤ በአገልግሎት አንዱን በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች፤ መዝገቧን ያገላበጠ ኦዲተር ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳያነሳ ዘግቶት ሄዷል። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሸት አሸት አደረጉና፣ «ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን እንደው... በራስ መተማመን ይጎድላታል» አሉ። አንዱ ተቀብሎ «ድምፅዋ እንኳ አይሰማም» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። አራተኛው ስልኩን ይነካካል። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። «ተወዳዳሪዋ በራስ መተማመን የሚጎድላት በመሆኑ» የምትል ሐረግ ሰፈረችበት። ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። ፈረምኩ።

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። «ያንቺ የእጅ ጽሑፍ ያምራል» ተብዬ ስድስት ዓመት ሙሉ የዕድገት ኮሚቴው ጸሐፊ ሆኛለሁ። ስለዚህ ያቺን ሐረግ እጄ ጽፏታል፤ ፊርማዬ አጽድቋታል። ይህን ሁሉ የማወራው ንስሐ ለመግባት እንዳይመስላችሁ። ንስሐ ለነፍስ አባት ይነገራል። በአደባባይ የምጽፈው፣ ያቺ ሐረግ በኛ መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን በብዙ መዝገብ ቤቶች መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሳ እንደተቀመጠች ስለማውቅ፣ በእሷ ሰበብም ስንት ሴት ባለችበት ወንበር ላይ እንደቀረች ስለምገምት ነው።

ዘንድሮ «በራስ መተማመን» ያልተባለበት ስፍራ የለም። በየሆቴሉ አዳራሽ ሥልጠና ይዘጋጃል። አሠልጣኙ ነጭ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም «እችላለሁ!» ብሎ ይጽፋል። ሴቶቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሦስት ጊዜ ይደግሙታል። ከዚያ ሻይና ኩኪስ ይቀርባል። ከዚያ ቀጥ ብሎ መቀመጥን፣ ሰው ዓይን ውስጥ ማየትን፣ ድምፅን ከሆድ ማውጣትን ይማራሉ። ማታ የምስክር ወረቀት ይታደላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። እኔም ሁለት ሦስት ጊዜ ተካፍያለሁ፤ የምስክር ወረቀቶቼ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። በማግሥቱ ቢሮ ስገባ ግን ጠረጴዛው ያው ጠረጴዛ ነው፤ አለቃው ያው አለቃ ነው፤ ስብሰባው ያው ስብሰባ ነው። ተለውጣ እንድትመጣ የተላክሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የኔ ክርክር አጭር ነው። በሥራ ቦታ በራስ መተማመን የሚባለው ነገር ሴቲቱ ከእናቷ ቤት በመሶብ ይዛው የምትመጣው ስንቅ አይደለም። ሥራ እየተሰጣት፣ ሠርታ እየታየላት፣ ስትሳሳትም እየታረመች በዚያው በሥራው ቦታ የሚበቅል ነገር ነው። ስለዚህ «ጎደላት» ሲባል «ማን አጎደለባት?» ብሎ የማይጠይቅ ኮሚቴ ፍርድ አልሰጠም። የገዛ ቤቱን ጉድለት በሴቲቱ ማኅደር ውስጥ ደብቋል።

እስቲ ከራሴ ልጀምር። ሥራ የያዝኩት በ1986 ዓ.ም. ነው። ከኮሌጅ የወጣሁ፣ ጠመኔው ከእጄ ያልረገፈ ልጅ ነበርኩ። በዚያው ዓመት የባንክ ሂሳብ ሳስታርቅ አንድ ቼክ በመዝገባችን ሁለት ጊዜ መመዝገቡን አገኘሁ። ገንዘቡ ትንሽ አልነበረም። ሦስት ቀን ደረሰኝ ከደረሰኝ እያመሳከርኩ እርግጠኛ ከሆንኩ በኋላ በክፍሉ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ አስረዳሁ። የክፍል ኃላፊያችን ወደ መስኮቱ እያዩ አዳመጡኝ። ስጨርስ «እሺ፣ እናየዋለን» አሉና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ፣ እኔ ያልኩትን በኔው ቁጥር፣ በኔው ቅደም ተከተል ደገመው። የክፍል ኃላፊያችን ከወንበራቸው ቀና ብለው፣ «ይኸውላችሁ! ሂሳብ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሠፈረው የሱ ስም ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የዚያን ዕለቱን ስብሰባ አይቶ የሄደ ይመስለኛል። ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ያለቀው በሱ ነው።

ከዚያ በኋላ በስብሰባ ላይ መናገር ተውኩ። ፈርቼ ነው እንዳትሉኝ፤ ሂሳብ ሠርቼ ነው። ተናግሬ የማገኘው ምንድን ነው? ዝም ብዬ የማጣውስ? ሚዛኑ ግልጽ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጼ ሲመጣ «በስብሰባ ላይ የምታደርገው ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» ይላል። አያችሁ አዙሪቱን? መጀመሪያ ዝም አሰኙኝ፤ ከዚያ ዝምታዬን የተፈጥሮዬ ጉድለት አድርገው መዘገቡት። ያቺም ልጅ «ድምፅዋ አይሰማም» ስትባል፣ ስንት ጊዜ ተናግራ ስንት ጊዜ እንዳልተሰማች የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ክፉ ሰዎች ነበሩ ማለቴ አይደለም። የክፍል ኃላፊያችን ደግ ሰው ነበሩ፤ እናቴ ስትሞት ሦስቱንም ቀን ድንኳን አልተለዩም። ነገር ግን ሰው ያደገበትን ሕግ ይዞ ቢሮ ይገባል። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን በሥራ ላይ የነበረው የቤተሰብ ሕግ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገዋል፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዛል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አድርጎ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ከደነገገ ከአምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ ማታ ቤቱ ውስጥ በሕግ አለቃ የሆነ ሰው፣ ጧት ቢሮው ውስጥ የሴት ቃል እኩል ይመዝንልኛል ብሎ ቢያስብ ነበር የሚደንቀው። ሕጉ ተለውጧል። ያ ሕግ ያሳደገው ጆሮ ግን ከአዋጅ ጋር አብሮ አይሻርም።

ቋንቋችንንም እንየው። ወንድ «ደፋር» ሲባል ምስጋና ነው፤ ደረቱን ይነፋል። ሴት «ደፋር» ስትባል ስድብ ነው፤ እናቷ አንገቷን ትደፋለች። ቃሉ አንድ ነው፤ ሚዛኑ ሁለት ነው። ልጃገረድ ሳለን የተመሰገንነው በጭምትነት፣ በዓይነ አፋርነት ነው፤ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ! ድምፅዋ እኮ አይሰማም!» እየተባልን። ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፅዋ ባለመሰማቱ የተመሰገነች ልጅ፣ በሃያ አንደኛው ዓመት ቢሮ ስትገባ ድምፅዋ ባለመሰማቱ ከዕድገት ትታገዳለች። ድምፅዋን ከፍ ካደረገች ደግሞ «ጯሂ ናት»፣ «ዓይን አውጣ ናት»፣ «ባሏ እንዴት ቻላት?» ትባላለች። እንግዲህ በየትኛው በር ትግባ?

ሌላም አለ። እኔ ሰብሳቢያችንን «እርስዎ» እላለሁ። የኔ እኩያ የሆነውን፣ በዕድሜም የማይበልጠኝን የንብረት ክፍል ኃላፊም ሁሉም «አቶ» ብሎ ይጠራዋል፤ «እርስዎ» ይለዋል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ባገለገልኩበት ቤት «አንቺ» ነኝ። አንዳንዴ «እታለም»፣ አንዳንዴ «የኔ እመቤት»፣ ፋይል ሲጠፋ ደግሞ «ስሚ አንቺ!» ነኝ። ትናንት የተቀጠረ ወጣት ሳይቀር ከነሱ ሰምቶ በስሜ ይጠራኛል። ፍቅር ነው ይሉኛል። ፍቅር ከሆነ ለምን ለአቶ እገሌ አይደርሰውም? የደብዳቤውን አርእስት እንኳ ተመልከቱ። ወንድ አገባም አላገባም «አቶ» ነው፤ ሴት ግን ገና ስሟ ሳይነበብ «ወ/ሮ» ወይስ «ወ/ሪት» መሆኗ መታወቅ አለበት። ወንድን በሥራው፣ ሴትን በትዳሯ የሚጠራ መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ «ለምን እንደ ወንዶቹ ራስሽን አታስከብሪም?» ብሎ ይጠይቃታል።

ወደ ሥራው ክፍፍል ልምጣ። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «ይህን ሥራ እወጣዋለሁ» የሚለው እምነቱ ከአራት ምንጮች እንደሚቀዳ አስረድቷል። አንደኛው ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት ማየቱ ነው። ሁለተኛው እንደሱ ያለ ሰው ሠርቶ ሲሳካለት ማየቱ ነው። ሦስተኛው ሌሎች «ትችላለህ» እያሉ የሚያበረታቱት ነው። አራተኛው የገዛ አካሉ የሚነግረው ስሜት፣ የልቡ ምትና የላቡ ነገር ነው። ከአራቱ ሁሉ ጉልበታሙ የመጀመሪያው፣ ሠርቶ ማየት ነው። በባዶ ማበረታቻ የተገነባ እምነት ግን የመጀመሪያው ችግር ሲገጥመው ይፈርሳል። እንግዲህ ያንን የሆቴል አዳራሽ አስቡት። በቀይ ቀለም «እችላለሁ!» እያስባለ የሚውለው በየትኛው ምንጭ ነው? በሦስተኛው። ጉልበታሙን አንደኛውን ማን ያድላል? ሥራ የሚመድበው አለቃ ነው። እሱ ግን ለሥልጠናው አልተጠራም።

አለቃው ምን ያድላል? የመስክ ጉብኝት ሲኖር «አንቺ ልጆች አሉሽ፣ ትቸገሪያለሽ» ይባላል፤ ወንዱ ይላካል፤ ተመልሶም ሪፖርት ያቀርባል። እሱም ልጆች አሉት፤ ግን አልተጠየቀም፤ እኔም ብሆን አልተጠየቅሁም፤ ታዘነልኝ እንጂ። ኃላፊው ዕረፍት ሲወጣ ውክልና የሚሰጠው ለወንዱ ነው። ሁለት ወር በተጠባባቂነት ይፈርማል፤ ይሳሳታል፤ ይታረማል፤ ይለምዳል። ዕድገት ሲመጣ «በኃላፊነት የሠራ ልምድ ያለው» ተብሎ ነጥብ ይያዝለታል። ባለፈው ዓመት ያለፈው ተወዳዳሪ ሁለት ጊዜ ተወክሏል። ያቺ ልጅ አንድም ጊዜ አልተወከለችም። እሱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ዋና ተምሯል፤ እሷን ዳር ላይ አቁመን «አትዋኝም» አልናት።

ለኛስ የሚታደለን ምንድን ነው? ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ የሟች ቤተሰብ መዋጮ መሰብሰብ፣ ለእንግዳ ቡና ማዘዝ፣ የመሥሪያ ቤቱን በዓል ማሰናዳት። ማርች 8 ሲመጣማ አይጣል ነው! የመክፈቻ ንግግር የሚያደርጉት ዋና ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ስለ ሴቶች ብቃት ሃያ ደቂቃ ይናገራሉ። ቄጤማውን የጎዘጎዝነው፣ ፈንዲሻውን የፈለፈልነው፣ ቡናውን ያፈላነው፣ ማታም ሲኒውን ያጠብነው እኛው የዕለቱ ባለቤቶች ነን። እነዚህ ሥራዎች አንዳቸውም በዕድገት ቅጹ ላይ ነጥብ የላቸውም። ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፤ መናገሪያ ጊዜ የለውም። ስድስት ዓመት የኮሚቴ ጸሐፊ የሆነች ሴት «ሃሳብ አታመነጭም» ብትባል ማን ይፈረድበት?

«ሴቶች ራሳቸው ይወዱታል፤ ማን አስገደዳቸው?» የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆን ጥናት አለ። ሊንዳ ባብኮክ የተባለች አሜሪካዊት የኢኮኖሚክስ ምሁር ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ነው። ማንም የማይፈልገውን፣ ግን አንድ ሰው የግድ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ለትናንሽ ቡድኖች አቀረቡ። ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ቡድን ፈቃደኛ ሆነው የሚቀርቡት በብዛት ሴቶቹ ሆኑ። ቡድኑ ወንዶች ብቻ ሲሆኑስ? ወንዶቹ ያለ ችግር ፈቃደኛ ሆኑ። የሴትና የወንድ ጠባይ ልዩነት ቢሆን ኖሮ ወንዶቹ ብቻቸውን ሲሆኑ ሥራው በቀረ ነበር። ልዩነቱ ያለው ሁሉም ሰው ከማን እንደሚጠብቅ ማወቁ ላይ ነው። እኛም ቤት ጸሐፊ ሲፈለግ አራቱ ወንዶች ወደ ጣራው ያያሉ፤ እኔ ብዕሬን አወጣለሁ። እኔ በሌለሁበት ቀን ግን ቃለ ጉባኤው ሳይጻፍ ቀርቶ አያውቅም።

አሁን ደግሞ የሚሰነዘሩብኝን መልሶች አስቀድሜ ላንሣ።

«ለሴቶች ልዩ ድጋፍ ተደርጓል፤ ከዚህ በላይ ምን ይሁን?» ይባላል። እውነት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ድጋፉን ፈቅዷል፤ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላላት ሴት ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ውጤቱን ግን ማን ይሰጣል? «በራስ መተማመን» የሚል ሜትርም ሚዛንም የማይለካው መመዘኛ እስካለ ድረስ፣ ተቀራራቢ እንዳይሆን ማድረግ የሁለት ነጥብ ሥራ ነው። በድጋፉ የገባችዋም «በኮታ የገባች» የሚል ታፔላ ይለጠፍባታል። የወንዶቹን ኮታ ግን ማንም ኮታ አይለውም። እሱ የድራፍት ቤት ኮታ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን እኔ ልጅ ለማንሣት ወደ ታክሲ ስሮጥ፣ የስብሰባው ሁለተኛው ክፍል ድራፍት ቤት ይቀጥላል። ማን እንደሚላክ፣ ማን እንደሚወከል እዚያ ያልቃል። ብሄድ «ምን ዓይነት ሴት ናት?» እባላለሁ፤ ባልሄድ ውሳኔው ያልፈኛል።

«የቻሉ ሴቶች አሉ እኮ!» ይባላል። አዎን፣ አሉ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1957 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ተመርጠው ገብተዋል። ሆኖም ምክር ቤት ከመድረሳቸው በፊት የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ ጽፈዋል፤ በጣልያን ወረራ ጊዜም በአሲናራ ደሴት ታስረዋል። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነዋል። የአውሮፕላን ነገር ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ካፒቴን የሚኮነው በረዳት አብራሪነት ወንበር ተቀምጦ የበረራ ሰዓት በማጠራቀምና ፈተና በማለፍ ነው። የበረራ ሰዓት በመዝገብ ይቆጠራል። ድምፁ ጎርናና ስለሆነ፣ ደረቱ ሰፊ ስለሆነ ተብሎ መሪ የሚሰጠው የለም። ምናለ የኛም ዕድገት ኮሚቴ እንደ በረራ መዝገብ ቢቆጥር!

«በላይ ያሉትን ወንበሮች ሴቶች ይዘውት የለም እንዴ?» ይባላል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴቶች ሲሆኑ፣ ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ እኔም በቴሌቪዥን ፊት ቆሜ እንባዬን ጠርጌያለሁ። ሁለቱም ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ ወርደዋል፤ ሹመት እንዲህ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከላይ የበራው መብራት ወደ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደራችን ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ያን ሰሞን ባልደረቦቼ «እንግዲህ አገሩን ወሰዳችሁት!» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልደው ሲያበቁም ቃለ ጉባኤ የምጽፍበትን ወረቀት አቀበሉኝ።

የመጨረሻው መልስ ግን ያመኛል። «የሴት ጠላቷ ሴት ናት» ይባላል። ፊርማዬ ወረቀቱ ላይ እያለ ይህን እንዴት እክዳለሁ? ነገር ግን ለምን እንደፈረምኩ ልንገራችሁ። ያቺን ልጅ ጠልቼ አይደለም። ከአራት ወንዶች መካከል ብቸኛዋ ሴት ስለሆንኩ፣ «ሴት ስለሆነች አደላች» እንዳልባል ፈርቼ ነው። ወንዱ ለወንድ ሲከራከር መርህ ነው ይባላል፤ ሴቷ ለሴት ስትከራከር ወገንተኝነት ነው ይባላል። ስለዚህ ብቸኛዋ ሴት ሚዛናዊነቷን ለማስመስከር በሴት ላይ ትበረታለች። እንዲህ ሆና ነው «ጠላት» የምትሆነው። ይህ ምክንያት ነው እንጂ ይቅርታ አያሰጠኝም። ከኔ ጎን ሌላ ሴት ብትኖር ኖሮ ግን አንዳችን ብዕራችንን እናስቀምጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሴቶች እጃቸውን አጣምረው አለቃ እስኪታረም ይጠብቁ እያልኩ አይደለም። የሠራሽውን ሥራ በቀንና በቁጥር መዝግበሽ ያዢ፤ ሂሳብ ያለ መዝገብ አይታመንም። በስብሰባ ላይ ሃሳብሽን ሌላው ሲደግመው «ቅድም ያነሣሁትን ስላጠናከርክልኝ አመሰግናለሁ» በይ፤ ጨዋም ነው፣ ባለቤቱንም ያሳውቃል። እህትሽ ተናግራ ዝም ከተባለች ስሟን ጠርተሽ «እሷ ያለችው ነገር ይታይ» በይ፤ ይህ ምንም ገንዘብ አይፈጅም። ውክልና ሲመጣ ሳይጠሩሽ ጠይቂ፤ በደብዳቤ ጠይቂ።

አለቆች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ሥልጠናውን ለጊዜው ተዉትና አራት ነገር አድርጉ። ቃለ ጉባኤ በተራ ይጻፍ። ውክልና በተራ ይሰጥ፤ ማን ስንት ጊዜ እንደተወከለም ይመዝገብ። የመስክ ሥራ ሲኖር ለሴቷ አትዘኑላት፤ ጠይቋት። በዕድገት ቅጹ ላይ «በራስ መተማመን» የሚለው መመዘኛ ይሰረዝ፤ መሰረዙ ከከበዳችሁም «ጎደላት» የሚል ሰው ቀኑንና የተፈጸመውን ነገር ጠቅሶ ይጻፍ። እኔ እንዲህ ተብዬ ብጠየቅ ኖሮ የምጽፈው አንድ ቀን አላገኝም ነበር።

ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ በተለጠፈ በሳምንቱ ያቺን ልጅ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ሰላምታ ሰጠችኝ። ልታልፍ ብላ ተመለሰችና ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ቃለ ጉባኤውን አሳይተውኛል። እርስዎም ፈርመውበታል?» አለችኝ። በመሥሪያ ቤቱ «እርስዎ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። «አዎ» አልኳት። «ጽሑፉም የኔ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ጽሑፍዎን አውቀዋለሁ፤ ፈርመውበት ከሆነ እውነት ይሆናል ብዬ ማታ ቤቴ ሳስብ ነበር» ብላ ወረደች። አለቀሰች እንዳትሉኝ፤ አላለቀሰችም። የከበደኝም እሱ ነው። በመዝገብ የማትሳሳት ልጅ፣ በኔ ፊርማ የተነሣ በራሷ ላይ የተሳሳተ ቁጥር መዝግባለች። እንግዲህ በራስ መተማመን እንዴት እንደሚጎድል ማየት ለሚፈልግ ሰው፣ እኔ በዓይኔ ሲጎድል አይቻለሁ፤ ያጎደለውንም እጅ አውቀዋለሁ።

በማግሥቱ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ። ያቺ ሐረግ በማስረጃ ትደገፍ ወይም ትሰረዝ፣ እኔም ፊርማዬን አንሥቻለሁ የሚል ነው። ሰብሳቢያችን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ደፋር የሆንሽው?» አሉኝ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለደብዳቤዬ መልስ እስካሁን አልተሰጠኝም፤ የልጅቱም ማኅደር አልታረመም። አንድ ነገር ግን ሆኗል። ባለፈው ስብሰባ ብዕሬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። አራቱ ወደ ጣራው አዩ። እኔም አብሬ አየሁ። ብዙ ጊዜ ቆየን። በመጨረሻ ስልኩን የሚነካካው ባልደረባችን ተነፈሰና ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። የእጅ ጽሑፉ እንዳየሁት ደህና ነው፤ ይነበባል። ስብሰባው ሲጀመር የመጀመሪያውን አጀንዳ አስያዝኩ፤ የዚያችን ልጅ ጉዳይ።